በጀርመን የነበሩ የአይሁድ ሱቆችና መደብሮች

በጀርመን የነበሩ የአይሁድ ሱቆችና መደብሮች ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በአገሪቱ ንግድ ውስጥ ሰፊ ስፍራ የያዙ፣ ከ1933 በኋላ ግን በዛቻ፣ በሕግና በግዳጅ ሽያጭ ከባለቤቶቻቸው እጅ የወጡ ድርጅቶች ናቸው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው)። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከፋብሪካ እስከ ልብስ ስፌት ቤት ተደምረው ቁጥራቸው ወደ 100,000 ይገመት ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ትናንሽ የችርቻሮ ሱቆች ነበሩ። ከጀርመን ሕዝብ አይሁዳውያኑ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም ነበር።

አይሁዳውያን ለብዙ ዘመን መሬት እንዳይዙና ወደ እጅ ባለሙያዎች ማኅበር እንዳይገቡ ተከልክለው ስለኖሩ፣ መተዳደሪያቸው ንግድ ሆኖ ቀረ። በሄሰን፣ በባደንና በፍራንኮኒያ ገጠሮች ገበሬው ላም የሚገዛው፣ ብዙ ጊዜም በዱቤ፣ ከአይሁዳዊ የከብት ነጋዴ ነበር። በበርሊን ደግሞ በሐውስፎግታይፕላትስ አካባቢ የተሰፋ ልብስ ንግድ አበበ።

ትልልቆቹ መደብሮች የተወለዱት ግን በትናንሽ ከተሞች ነው። በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በሽትራልዙንድ የቬርትሃይም ቤተሰብ በ1875፣ ሌዮንሃርድ ቲትስ በ1879 ሱቅ ከፈቱ። በ1882 ደግሞ ኦስካር ቲትስ አጎቱ ሄርማን ባዋጣው ገንዘብ በጌራ ከተማ ሥራ ጀመረ፤ የሱቁም ስም የአጎቱ ስም ሆነ። በእነዚህ መደብሮች ዋጋው ዕቃው ላይ ተለጠፈ፣ ክርክር ቀረ፣ ክፍያው በእጅ በእጅ ሆነ፤ ሳይገዛ ዞር ዞር ብሎ የሚያይ ሰውም አይባረርም ነበር። አርክቴክት አልፍሬድ ሜሰል ለቬርትሃይም የነደፈው የበርሊን መደብር በ1897 ሲከፈት ከከተማዋ መስህቦች አንዱ ሆነ። ሲሞንና ዛልማን ሾክን የተባሉት ወንድማማቾች ደግሞ ከጽቪካው ተነስተው በኤሪክ ሜንደልሶን ንድፍ በኑረምበርግ፣ በሽቱትጋርትና በኬምኒትስ ዘመናዊ ሕንፃዎች አሠሩ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 1 ቀን 1933 ቡናማ ሸሚዝ የለበሱ የናዚ ታጣቂዎች በየሱቁ ደጃፍ ቆመው ደንበኛ ከለከሉ፤ በመስታወቱም ላይ የዳዊትን ኮከብ ቀቡ። ዘመቻው በይፋ የአንድ ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ጩኸት ያነሰው ጫና ነው ብዙውን ቤት የዘጋው። ማዘጋጃ ቤቶች ግዢ አቆሙ፣ አቅራቢዎች ዕቃ ከለከሉ፣ ባንኮች ብድር ነፈጉ፣ ደንበኛውም ወደ አይሁድ ሱቅ ሲገባ ፎቶ እንዳይነሳ በመፍራት መንገድ ለወጠ።

ድርጅትን በጫና ከአይሁዳውያን እጅ የማውጣቱን አሠራር ገጽታ አስቀድሞ ያሳየው የሄርማን ቲትስ ኩባንያ ጉዳይ ነው። ዝነኛውን ካዴቬን ጨምሮ ሌሎች መደብሮችን በ1920ዎቹ ሲገዛ ዕዳ ስለ ገባበት በኢኮኖሚው ቀውስ ተቸግሮ ነበር። ኩባንያው ቢወድቅ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ ያጣ ስለነበር መንግሥት ብድር እንዲሰጠው ፈቀደ፤ ባንኮቹ ግን በምላሹ ቤተሰቡ ከአስተዳደሩ እንዲወጣ አስገደዱ። የቲትስ ሠራተኛ የነበረው ጌኦርግ ካርግ ኃላፊ ሆነ፣ ኋላም ባለቤት። አዲሱ ስም «ሄርቲ» ከሄርማንና ከቲትስ የመጀመሪያ ፊደላት የተቀጠለ ነው። የኦስካር ልጆች ተሰደዱ። የሌዮንሃርድ ቲትስ ኩባንያም በዚያው በ1933 ካውፍሆፍ ተባለ፤ ልጁ አልፍሬድ በ1941 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሞተ።

ዛልማን ሾክን ቀድሞ ወደ ፍልስጤም ሄዶ «ሃአሬትስ» የተባለውን ጋዜጣ ገዛ፤ በጀርመን የቀረው ኩባንያው በ1938 ተሽጦ ሜርኩር ተባለ። በበርሊን ከ1815 ጀምሮ የነበረውን የናታን ኢስራኤልን መደብር የሚመራው ቪልፍሪድ ኢስራኤል ግን ሠራተኞቹን ከአገር ለማስወጣትና ሕፃናትን ወደ እንግሊዝ ለማሻገር ሲጥር እስከ 1939 ቆየ። ሰኔ 1 ቀን 1943 ከሊዝበን ወደ እንግሊዝ ሲመለስ የተሳፈረበትን የመንገደኞች አውሮፕላን የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች መትተው ጣሉት።

የካርል ዮኤል ታሪክ የሽያጭ ውል ምን ያህል ባዶ እንደነበር ያሳያል። ዮኤል በኑረምበርግ ጨርቃ ጨርቅ በፖስታ እየላከ የሚሸጥ ድርጅት አቋቁሞ፣ የናዚው የዩሊየስ ሽትራይኸር ጋዜጣ ስላሳደደው ወደ በርሊን ዞረ። በ1938 ድርጅቱን ለነጋዴው ዮሴፍ ኔከርማን ከዋጋው በታች ለመሸጥ ተገደደ፤ ያም ቢሆን ገንዘቡ እጁ አልገባም። ዮኤል በስዊዘርላንድ በኩል አመለጠ። ወንድሙ ሌዮን «ሴንት ሉዊስ» በተባለችው መርከብ ኩባ ድረስ ሄዶ፣ እንዳይወርድ ተከልክሎ ወደ አውሮፓ ከተመለሱት ከ900 በላይ ስደተኞች አንዱ ነበር፤ እሱና ባለቤቱ አውሽቪትስ ተገደሉ። ኔከርማን ከጦርነቱ በኋላ በምዕራብ ጀርመን ከታወቁት ነጋዴዎች አንዱ ሆነ፤ ለዮኤል ካሳ የከፈለው ከክርክር በኋላ ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቢሊ ጆኤል የካርል የልጅ ልጅ ነው።

በ1938 ሕጎቹ ተደራረቡ። ሚያዝያ ላይ ከ5,000 ማርክ በላይ ሀብት ያለው አይሁዳዊ ሁሉ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። ኅዳር 9 ለ10 ሌሊት በናዚዎች ጥቃት ወደ 7,500 የሚጠጉ ሱቆች ተሰባበሩ፣ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ ወደ 30,000 ወንዶችም ወደ ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ። በሦስተኛው ቀን የናዚው ባለሥልጣን ጎሪንግ የተዘረፉትን ራሳቸውን አንድ ቢሊዮን ማርክ ቀጣ፤ የኢንሹራንሱን ክፍያ መንግሥት ወሰደ፤ ከጥር 1 ቀን 1939 ጀምሮም አይሁዳዊ ሱቅ እንዳይኖረው ተደነገገ። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስተኛው ድርጅት ተዘግቶ ወይም ተሽጦ ነበር፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ከመቶ 20 ወይም 30 አይበልጥም። ሻጩ ሲሰደድ ሩቡን ለመውጫ ግብር ይከፍላል፣ የቀረውንም ወደ ውጭ ምንዛሪ ሲለውጥ በ1939 ከመቶ ከ90 በላይ ይጎድልበታል። ከኅዳር 1941 ጀምሮ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ የተጋዘ አይሁዳዊ ንብረት በቀጥታ የመንግሥት ሆነ፤ የተጋዙት ሰዎች አልጋና ሳህን ለጎረቤቶቻቸው በጨረታ ተሸጠ።

ንብረት መመለስ ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካኖች ይዞታ በነበረው የጀርመን ክፍል በኅዳር 1947 በወጣ ሕግ ተጀመረ። ሾክን የኩባንያውን ከፊል አስመልሶ በ1953 ለነጋዴው ሄልሙት ሆርተን ሸጠ፤ ሆርተን ራሱ ሥራውን የጀመረው በ1936 በዱይስቡርግ የአይሁድ መደብር በመውሰድ ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ለወራሾቹ ምንም ስላልመለሰች ብዙው ጉዳይ ሁለቱ ጀርመኖች እስከተዋሐዱበት እስከ 1990 ተንጠልጥሎ ቆየ፤ የቬርትሃይም የበርሊን ቦታዎች ክርክር የተቋጨው ካርሽታት ክቬለ የተባለው ኩባንያ በ2007 88 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ሲስማማ ነው።

የገናናዎቹ ቤተሰቦች ጉዳይ የታወቀው ጠበቃ፣ የባንክ ሰነድና ወራሽ ስለነበራቸው ነው። የመንደሩ ከብት ነጋዴና ባለ ኪዮስኩ ይህ አልነበራቸውም፤ ከነቤተሰባቸው ለተገደሉት ብዙዎች ካሳ የሚጠይቅላቸው ዘመድ እንኳ አልተረፈም። የበርሊኑ ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተመራማሪዎች ከንግድ መዝገብና ከቆዩ ጋዜጦች ለቅመው በዚያች ከተማ ብቻ ከ8,000 በላይ የአይሁድ ድርጅቶችን በስም ለይተዋል።