ስንቅ የያዘ መንገደኛ፦ በመተማ በር ስላለፉት ተክሩሮችና ወደ ሊቢያ ለመሄድ ስለሚያቅዱ ወጣቶቻችን

 



በሸሕዲ የሚኖር ሰው መንገደኛ ሳያይ የሚውልበት ቀን የለም። ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣው ሠራተኛ፣ ጥጥ የጫነው መኪና፣ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚያልፈው ነጋዴ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የሚገባው ቤተሰብ፣ ሁሉም የሚያልፈው በደጃችን ነው። ከእነዚህ መካከል ግን ሻንጣ የሌለው፣ ለማን እንደሚሄድ የማይናገር፣ አይኑን ከሰው የሚያሸሽ ወጣት አለ። ይህ ልጅ የሚያልመው ሊቢያን ነው። ከሊቢያም ባሕሩን ተሻግሮ አውሮፓን።

ይህችን አጭር ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚህ ልጅና ስለ ወላጆቹ በማሰብ ነው። ነገሩን የምጀምረው ግን ከቁጣና ከወቀሳ ሳይሆን ከታሪክ ነው። ምክንያቱም ይህ የኛ በር የረጅም መንገድ በር ሆኖ የኖረው ዛሬ ብቻ አይደለም። ከሩቅ ምዕራብ ተነስተው በዚህ ያለፉ ሙስሊሞች ነበሩ። እነርሱ እንዴት ተጓዙ? ምን ይዘው? ማንን ተከትለው? ብለን ብንጠይቅ ለዛሬው ልጅ የሚሆን ትምህርት እናገኛለን።

ተክሩሮች እነማን ነበሩ?

ተክሩር የሚለው ስም መጀመሪያ በምዕራብ አፍሪካ በሴኔጋል ወንዝ ዳር የነበረ የአንድ መንግሥት ስም ነው። የዚያ አገር ንጉሥ ዋር ጃቢ እስልምናን የተቀበለው በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ የሞተውም በ1040 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ለዚያ ምድር እስልምናን ያደረሰው ሠራዊት አልነበረም። ሰሐራን በግመል እያቋረጡ ጨውና ወርቅ የሚነግዱ ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነዚህ ነጋዴዎች ብዙዎቹ በርበሮች፣ ራሳቸውን አማዚግ ብለው የሚጠሩት የሰሜን አፍሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። እንግዲህ ዐረቡ ለበርበሩ፣ በርበሩ ለጥቁሩ አፍሪካዊ እያቀበለ ዲኑ ሰሐራን ተሻገረ ማለት ነው።

ከጊዜ በኋላ በሒጃዝና በሱዳን ያሉ ሰዎች ከምዕራብ ለሐጅ የሚመጣውን ጥቁር ሙስሊም ሁሉ፣ ከቦርኑም ይምጣ ከዋዳይ ወይም ከዳርፉር፣ «ተክሩሪ» ማለት ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች ወደ መካ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅባቸው ነበር። ከእነርሱም አንዳንዱ በመንገዱ ላይ ቀርቶ አገር መሥርቷል። በድንበሩ ላይ ያለችው ገላባት የተክሩሮች ሰፈር ሆና የታወቀችው በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. በዚህ ሲያልፍ በአካባቢው ጥጥ የሚያለሙ፣ የራሳቸው ሼህ ያላቸው፣ ለሐበሻም ለግብፅም ግብር የሚከፍሉ ተክሩሮችን አግኝቷል። በሁለት መንግሥታት መካከል መኖር ቀላል እንዳልነበረ ልብ በሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው በሞቱ ጊዜ ይህ አገር ሁሉ የጦር ሜዳ ነበር። ድንበሩም የተሰመረው ቆይቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ውል ነው።

የተክሩሪው ስንቅ

የስዊስ ተወላጅ የሆነው ቡርክሃርት በ1814 እ.ኤ.አ. በሱዳን ሸንዲ በነበረ ጊዜ ተክሩሮችን በቅርብ አይቶ ጽፏል። ጓዛቸው ጥቂት ነው። በትከሻ በትር ላይ የሚንጠለጠል የቆዳ ስንቅ መያዣ፣ የቁርአን ምዕራፎች ወይም የዱዓ መጽሐፍ ያለበት ትንሽ የቆዳ ከረጢት፣ የእንጨት ሎሕ፣ በቅል የተሠራ የቀለም ዕቃ፣ የመብያ ሳሕን፣ የውዱእ ማሰሮ፣ በአንገት የተጠመጠመ ተስቢሕ። ይኸው ነው።

እንዲሁ ሲያዩት ይህ ሰው ምንም የለውም ያሰኛል። ነገር ግን ዕቃውን አንድ በአንድ ብትመረምሩት ተራ ድህነት አይደለም፤ ዝግጅት ነው። ሎሑና ቀለሙ የሥራ መሣሪያው ናቸው፤ በደረሰበት መንደር ሁሉ ጽፎ ይበላል። የመንገዱን ቅርንጫፎችም ያውቃል። ቡርክሃርት ከጻፋቸው መንገዶች አንዱ ከሰናር ወደኛ ዞሮ፣ በራስ አልፊል፣ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ ምጽዋ የሚወጣው ነው። በዚህ መንገድ በየዓመቱ የሚያልፉትን ሐጃጆች ቁጥር ከ150 እስከ 200 ይገምታል። ምጽዋ ሲደርሱ ጥቂት ሳምንታት ተቀምጠው በጉልበታቸው ይሠራሉ። የመርከቡ ዋጋ ወደ ቅርቡ የየመን ዳርቻ አንድ ብር፣ ወደ ጂዳ ሁለት ብር ነበርና ያንን ሳያገኙ አይሳፈሩም። በሐበሻ ምድር ወደ ቤት አያስገቡንም ብለው ቅሬታ ቢያሰሙም፣ ማታ ማታ ግን የተትረፈረፈ እራት ሳይቀርብላቸው እንደማይቀር ይኸው ጸሐፊ አስፍሯል። ይህን ማስታወስ ለአገራችን ሰው ሁሉ ይገባል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ተክሩሪው ድሃ ነበር፤ ዕዳ ግን አልነበረበትም። ሩቅ ሄደ፤ ነገር ግን ለሰው ተሸጦ አልሄደም። ገንዘብ ሲያልቅበት ቆሞ ሠራ። መንገዱን የሚያዝዘው ራሱ ነበር።

የተዘጋን መንገድ ትቶ መመለስ

የበርበር ልጆችን ካነሳን አይቀር፣ በዓለም የታወቀውን መንገደኛ ኢብን ባጡጣን እናንሳ። የተወለደው በሞሮኮ በጣንጃ ከተማ በ1304 እ.ኤ.አ. ነው። ነገዱ ለዋታ ይባላል፤ ይህም ጥንት በሊቢያ በርቃ ይኖር የነበረ የበርበር ነገድ ነው። በ1325 እ.ኤ.አ. በ21 ዓመቱ ለሐጅ ተነሳ። ከቤቱ የወጣው ብቻውን ቢሆንም በመንገድ ላይ ከቅፍለት ጋር ተቀላቅሎ ተጓዘ። በ1326 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕርን ሊሻገር ዐይዛብ ወደብ ሲደርስ የቤጃ ሹምና የግብፅ ማምሉኮች ጦር ተማዘው፣ መርከቦች ሰጥመው አገኘ። ምን አደረገ? እልህ ይዞት ወደ ባሕሩ አልገባም። ወደ ካይሮ ተመለሰ፣ ወደ ደማስቆ ሄደ፣ ከሶርያ ሐጃጆች ጋር ሆኖ በዚያው ዓመት መካ ገባ። ከዚያም በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ዓለምን ዞረ፤ በ1331 እ.ኤ.አ. ገደማ በኛው ጎረቤት ዘይላን አይቷል።

የተዘጋን መንገድ ትቶ የተመለሰ ሰው ፈሪ ቢባል ኖሮ የመንገደኞች ሁሉ አለቃ ፈሪ በተባለ ነበር።

ሊቢያ ማን ናት?

ውድ አንባቢ፣ ሊቢያን በክፉ ብቻ ማንሳት ፍትሕ አይሆንም። የእስልምና ጦር በዐምር ኢብን አልዓስ መሪነት ወደ በርቃ የገባው በ22 ዓመተ ሒጅራ ነው። ኋላም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የበኑ ሂላልና የበኑ ሱለይም ጎሣዎች ወደ ምዕራብ በመፍለሳቸው አገሩ ይበልጥ ዐረብኛ ተናጋሪ ሆነ። ይሁንና በነፉሳ ተራራ፣ በዙዋራና በገዳምስ አማዚጎች ቋንቋቸውን ጠብቀው እስከ ዛሬ አሉ።

ከኛም ጋር የሐዘን ዝምድና አላት። ቁርአን አስተማሪ የነበሩትን አዛውንት ዑመር አልሙኽታርን ጣሊያኖች በሴፕቴምበር 16 ቀን 1931 እ.ኤ.አ. በሱሉቅ ሲሰቅሏቸው በዚያ ምድር የጦሩ አዛዥ ግራዚያኒ ነበር። ያው ግራዚያኒ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወገኖቻችንን ደም አፈሰሰ። አንድ እጅ ሁለቱንም አገር ወግቷል።

እንግዲህ ችግሩ ያለው በሕዝቡ ዘር ወይም በዲኑ አይደለም። ችግሩ የወቅቱ ሁኔታ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሊቢያ አገሩን በሙሉ የሚያዝ አንድ መንግሥት አልጸናም። የታጠቁ ቡድኖች ስደተኛን እንደ ዕቃ ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ። በኩፍራ በረሃና በበኒ ወሊድ ልጆች ታስረው እየተደበደቡ፣ ድምፃቸው በስልክ ለእናታቸው ይሰማል፣ ገንዘብ ይጠየቃል። በኤፕሪል 2015 እ.ኤ.አ. አይሲስ የተባለው ቡድን ወደ 30 የሚጠጉ ክርስቲያን ኢትዮጵያውያንን በዚያ ምድር አርዶና ረሽኖ ገድሏል። እነዚህ የኛው ጎረቤት፣ የኛው እናት ልጆች ናቸው፤ በዲን ስም የተፈጸመባቸውም ነገር ዲን የማያውቀው ግፍ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ሊቢያ በረሃ ከተገኙ ሁለት የጅምላ መቃብሮች ወደ 50 የሚጠጉ የስደተኞች አስከሬኖች ወጥተዋል። መንገዱም ቢሆን፣ ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት ተነስቶ ሱዳናውያን ራሳቸው ሸሽተው በመተማ በኩል ወደኛ ገብተዋል። የቤቱ ባለቤት ከሚሸሽበት እሳት ውስጥ እንግዳ ምን ሊያገኝ ይገባል?

«በአላህ ተማምኜ» ለሚል ወንድም

አንዳንድ ወጣት «ሞትም ሲሳይም በአላህ እጅ ነው፣ እኔ በአላህ ተማምኜ እሄዳለሁ» ይላል። ንግግሩ እውነት ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ስሕተት ነው። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደገለጹት፣ የየመን ሰዎች «እኛ በአላህ ተማማኞች ነን» እያሉ ያለ ስንቅ ለሐጅ ይወጡና መካ ሲደርሱ ሰው ይለምኑ ነበር። በሱረቱል በቀራህ 197ኛው አንቀጽ ስንቅ እንዲያዝ የታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ሒጅራ ደግሞ ተመልከቱ። ከእርሳቸው የበለጠ በአላህ የሚተማመን የለም። ሆኖም ሰይዲና አቡበክር (ረ.ዐ.) ሁለት ግመሎችን ለአራት ወር ያህል ሲቀልቡ ቆይተዋል። መንገድ የሚያውቀው ዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥ ሙስሊም ባይሆንም ታማኝ ስለ ነበረ በክፍያ ተቀጥሯል። አስማእ ስንቅ አዘጋጀች፣ ወንድሟ ዐብደላህ ማታ ማታ ወሬ አመጣ፣ ዓሚር ኢብን ፉሀይራ ፍየሎቹን እየነዳ ወተት አቀረበ። በሰውር ዋሻም ፍለጋው እስኪበርድ ሦስት ሌሊት ተቀመጡ። ከዚያ ቀደም በ615 እ.ኤ.አ. ሰሐቦች ወደ ሐበሻ ሲላኩም፣ ነቢዩ አገሩን የመረጡላቸው ማንም የማይበደልበት ፍትሐዊ ንጉሥ ያለበት ስለሆነ ነው። ስለሚሄዱበት አገር አስቀድሞ ማወቅ የሒጅራ ሱና ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ። ሐጅ ከእስልምና ማዕዘናት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ግዴታ የሚሆነው ለቻለ ሰው ነው፤ ዑለማዎችም የመንገዱን ሰላም መሆን ከመቻል ውስጥ ቆጥረውታል። መንገዱ የሚያስፈራ ከሆነ ፈርዱ ራሱ ይቆያል። ታዲያ ለአላህ ቤት እንኳ ያልተፈቀደውን አደጋ ለደመወዝ ብለን ልንገባበት እንዴት ይቻለናል?

ከመነሳት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድህነት ቀላል ነገር አይደለም። ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ልጅ «ተቀመጥ» ስለተባለ ብቻ አይቀመጥም። ጉዞም በራሱ ክልክል አይደለም፤ ለትምህርት፣ ለንግድ፣ በሕጋዊ የሥራ ስምሪት የሚሄድ ሰው አላህ ይርዳው። ግን ከመነሳቱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ።

አንደኛ፣ የምሄድበት አገር ብበደል የምከስበት ዳኛ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ የሚመራኝን ሰው ስሙን፣ አባቱን፣ ቤቱን አውቃለሁ ወይ? «ከፊት ሌላ ሰው ይቀበልሃል» የሚል ደላላ መሪ አይደለም፤ ሻጭ ነው። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል መሆኑንም እወቁ። ሦስተኛ፣ ስንቄ የራሴ ነው ወይስ ዕዳ? «አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» የተባለ ልጅ ዋጋው ራሱ ነው። አራተኛ፣ መንገዱ ቢዘጋ የምመለስበት በር አለኝ ወይ? አምስተኛ፣ ወላጆቼ ያውቃሉ ወይ? ዐብደላህ ኢብን አቢበክር በየማታው ወሬ እንዳደረሰ፣ የት እንዳለህ የሚያውቅ ሰው ከኋላህ ሊኖር ይገባል።

ለአምስቱም ጥያቄ መልስ ያላገኘ ሰው ጉዞ አላቀደም፤ ለጠላት እጁን ሊሰጥ ተዘጋጅቷል እንጂ።

ወላጆች ሆይ፣ በሬውንና መሬቱን ሸጣችሁ ለማስለቀቂያ የምትልኩትን ገንዘብ ግማሹን አስቀድማችሁ ለልጁ ሙያ ወይም ለትንሽ ንግድ ብታውሉት ይሻላል። ጀመዓችንም በዚህ ላይ ድርሻ አለው። ሐብታሙ ዘካውን ሲያወጣ፣ ባለ እርሻው ሠራተኛ ሲቀጥር፣ ባለ ሱቁ ረዳት ሲፈልግ፣ እግሩን ወደ ድንበር ያነሳውን የጎረቤቱን ልጅ ያስብ። ከዚያ መከራ ተርፎ የተመለሰውንም አናሸማቅቀው፤ የሚናገረውን እንስማ፤ ለሌሎችም እንዲናገር ከፊት እናስቀምጠው።

ተክሩሪው ሎሑን ይዞ ከምዕራብ መጣ፤ ዓመታት ፈጀበት፤ ሰው ሆኖ ደረሰ። ከእነርሱም ወገን ሆነው በኢትዮጵያ ለዲን ትልቅ ሥራ የሠሩ፣ እንደ ሼህ አልፋቂ አሕመድ ዑመር ያሉ፣ በምዕራብ ወለጋ ያአ የተቀበሩ ዐሊም ተገኝተዋል። የኛም ልጆች በዚህ በር ሲወጡ እንደ ሰው ወጥተው እንደ ሰው እንዲመለሱ፣ ካልሆነም እዚሁ እንዲበረክቱ አላህ ይወፍቀን። በየበረሃው የቀሩትን አላህ ይማራቸው፤ ለእናቶቻቸውም ሰብር ይስጣቸው። አሚን።