ሃያ ሺህ ፊደል የቆጠረው ሊቅ

ለመሆኑ ግጥም ሲነበብ እንጂ ሲቆጠር ያየ ማን ነው? ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 መጀመሪያ በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ጥናት ግን እንዲህ ያለ ነበር። ለሀገራችን አንባቢ እንግዳ ካልሆነው ከፑሽኪን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» 20,000 ፊደላትን ወሰደ፤ የስንኙን ውበትና ትርጉም ወደ ጎን ትቶ አናባቢና ተነባቢ እያለ ለያቸው። 8,638ቱ አናባቢ፣ 11,362ቱ ተነባቢ ሆኑ። አናባቢን ተከትሎ አናባቢ የመጣው ከመቶ 13 ጊዜ ያህል ሲሆን፣ ተነባቢን ተከትሎ ግን ከመቶ 66 ጊዜ ያህል ነበር። የሚመጣው ፊደል ባለፈው ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

ልብ እንበል፤ ማርኮቭ የቋንቋን ምሥጢር ሊገልጥ አልተነሣም። ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ነገር አማካዩ የሚረጋው ክስተቶቹ እርስ በርስ ካልተሳሰሩ ብቻ ነው በማለት፣ ከዚያም ተነሥቶ ስለ ሰው ነጻ ፈቃድ ይከራከር የነበረውን የሞስኮውን ፓቬል ኔክራሶቭን ሊረታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ይህንኑ ዘዴ ወደ ቃላት አሸጋገረው። እያንዳንዱን ቃል ከእርሱ በቀደመው አንድ ቃል ብቻ እየመረጠ፣ እንግሊዝኛ የሚመስል ነገር ግን ቁም ነገር የሌለው ጽሑፍ አወጣ። ኖአም ቾምስኪ በ1957 ይህን መንገድ ተቃወመ፤ ሰው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር እንኳ ትክክል መሆን አለመሆኑን ይለያልና።

እስቲ በራሳችን ቋንቋ እንፈትነው። «እናቴ ትናንት ከገጠር የመጣውን ወንድሜን ገበያ ወሰደችው።» የመጨረሻውን ግስ በሴት ጾታ ያሰረው «ገበያ» አይደለም፤ ከሩቅ፣ ከመነሻው ያለችው «እናቴ» ናት። ጎረቤቱን ቃል ብቻ የሚያይ ስሌት ይህን ገመድ ከየት ያገኘዋል?

በ2017 ይፋ በሆነው አሠራር የተገነቡት የዛሬ መሣሪያዎች ረጅም ጽሑፍ ወደ ኋላ ስለሚቃኙ ይህ ዓይነቱ ገመድ ብዙ አያስቸግራቸውም። አንድ ግምት ግን አብሯቸው ዘልቋል፤ እስካሁን የተባለው ቀጥሎ የሚባለውን ያመለክታል የሚለው። የተለመደ ሁሉ እውነት፣ ያልተለመደ ሁሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይህ በበቃን ነበር። ነገር ከሥሩ ነውና፣ በቁጥሩ ከመደነቃችን በፊት ቆጣሪው ምን ወደ ጎን እንደተወ እንጠይቅ።