ውሻ ጆሮውን ደጋግሞ የሚያራግፍበት ምክንያትና ሊወሰድ የሚገባው እርምጃ

ውሻ ከእንቅልፉ ሲነሣ ወይም ውኃ ሲነካው ጆሮውን አንድ ሁለት ጊዜ ማራገፉ የተፈጥሮ ባሕርይው ነው። ይሁን እንጂ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ጭንቅላቱን የሚያራግፍ፣ ጆሮውን በኋላ እግሩ የሚያክ ወይም ከመሬትና ከግድግዳ ጋር የሚያሻሽ ከሆነ፣ በጆሮው ውስጥ የሚያሳክክ ወይም የሚያሳምም ነገር መኖሩን ያመለክታል። ችግሩ በወቅቱ ካልታከመ ውሻው የመስማት ችሎታውን ሊያጣ ይችላል። ከዚህም በላይ ሕመም ላይ ያለ ውሻ ለማዳ ቢሆንም እንኳ ጆሮውን የነካውን ሰው ሊነክስ ስለሚችል፣ ጉዳዩ የቤተሰብን በተለይም የሕፃናትን ደኅንነት የሚመለከት ነው።

የውሻ ጆሮ አፈጣጠር

የውሻ የጆሮ ቱቦ በመጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ታጥፎ እስከ ታምቡር ይደርሳል። በዚህ አፈጣጠር የተነሣ ወደ ውስጥ የገባ ውኃ፣ ቆሻሻ ወይም ተባይ በቀላሉ አይወጣም። ጆሮው የተንጠለጠለና ውስጡ ፀጉር የበዛበት ውሻ ደግሞ አየር በበቂ ሁኔታ ስለማይደርሰው ለሕመሙ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ዋና ዋና መንስኤዎች

1. የጆሮ ተባይ፦ ማይት በመባል የሚታወቀው እጅግ ጥቃቅን ተባይ በጆሮ ቱቦ ውስጥ ይራባል። መለያው የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ደረቅ ቆሻሻና ብርቱ ማሳከክ ነው። በንክኪ ስለሚተላለፍ ቡችሎችንና አብረው የሚኖሩ ድመቶችንም ይይዛል።

2. መዥገርና ቁንጫ፦ መዥገር በጆሮ ውስጥና በጆሮ ሥር ተጣብቆ ደም ይመጣል፤ ቁንጫም ማሳከክን ያስከትላል።

3. ባዕድ ነገር፦ ሹል ጫፍ ያለው የደረቀ ሣር፣ እንደ ጨጎጊት ያለ የአረም ፍሬ ወይም ነፍሳት ወደ ጆሮ ሊገቡ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ማራገፉ በድንገት የሚጀምርና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚታይ ነው።

4. የባክቴሪያና የፈንገስ ልክፈት፦ እርጥበት በጆሮ ውስጥ ሲቆይ ወይም ቆዳው ሲቆጣ ይከሰታል። መጥፎ ሽታ፣ መቅላት፣ ቡናማ ኩክ ወይም መግል ይታይበታል።

5. አለርጂ፦ ከምግብ ወይም ከአካባቢ የሚመጣ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጆሮ ይጎዳል። ውሻው መዳፉን መላስና ሆዱን ማከክም ያበዛል። ሕመሙ ከሕክምና በኋላ በተደጋጋሚ የሚመለስ ከሆነ ይህ መንስኤ ሊመረመር ይገባል።

6. የዝንብ ንክሻ፦ ተናካሽ ዝንቦች የጆሮን ጫፍ በማቁሰል ውሻውን ዕረፍት ይነሡታል።

ማራገፉ ራሱም ጉዳት ያስከትላል። ጆሮው በኃይል ሲወናጨፍ በቆዳው ሥር ያሉ የደም ሥሮች ተበጥሰው ጆሮው ደም ቋጥሮ ሊያብጥ ይችላል፤ ይህም የባለሙያ ሕክምና ይሻል።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል እንክብካቤ

በቅድሚያ በብርሃን ሥር ሁለቱን ጆሮዎች በማነጻጸር መመልከት ያስፈልጋል። ጆሮው ያልቆሰለ፣ ደም ወይም መግል የሌለበትና ሲነካ የማያሳምም ከሆነ ለእንስሳት ጆሮ የተዘጋጀ ማጽጃ ጨምሮ የጆሮውን ሥር በዝግታ ማሸት፣ ውሻው እንዲያራግፍ መተው፣ በመጨረሻም የወጣውን ቆሻሻ በንጹሕ ጥጥ ወይም ጨርቅ ከውጭ መጥረግ ይቻላል። ከታጠበ ወይም ዝናብ ከመታው በኋላ ጆሮውን ማድረቅም ተገቢ ነው። ውሻው በሚታከምበት ወቅት አፉ በማሰሪያ ሊጠበቅ፣ ሕፃናትም ከአካባቢው ሊርቁ ይገባል።

ሊደረጉ የማይገባቸው ተግባራት

የጥጥ እንጨት ወደ ጆሮ ውስጥ ማስገባት ቆሻሻውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋል። ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ አልኮልና የሰብል ፀረ ተባይ ኬሚካል ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ሊመርዙም ይችላሉ። ለሰው የታዘዘ የጆሮ ጠብታም መጨመር አይገባም፤ አንዳንድ መድኃኒቶች ታምቡር ተቀዶ ከሆነ ወደ ውስጥ ዘልቀው ውሻውን ያደነቁራሉ። በጥልቀት የገባን ባዕድ ነገር በወረንጦ ለማውጣት መሞከርም ታምቡርን ሊቀድ ይችላል።

ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ማራገፉ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ መጥፎ ሽታ፣ መግል፣ ደም ወይም እብጠት ከታየ ውሻውን በአቅራቢያ ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ያስፈልጋል። ውሻው ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ሕመሙ ወደ ውስጠኛው የጆሮ ክፍል መዝለቁን ሊያመለክት ስለሚችል ፈጽሞ መዘግየት አይገባም። ባለሙያው ታምቡሩን በመሣሪያ ካየና ከጆሮው ናሙና ከመረመረ በኋላ ለመንስኤው የሚስማማውን መድኃኒት ያዛል። ምልክቱ ቢጠፋም የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መስጠት የግድ ነው። መንስኤው የጆሮ ተባይ ከሆነ በቤቱ ያሉ ውሾችና ድመቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊታከሙ ይገባል፤ አለዚያ ተባዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመለሳል።

ጥንቃቄ ስለ እብድ ውሻ በሽታ

ጆሮን ማራገፍ ብቻውን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት አይደለም። ሆኖም ውሻው ባሕርይው ከተለወጠ፣ ለሃጭ ካዝረከረከ፣ መዋጥ ከተሳነው ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ከሆነ ጆሮውን ለማየት መቅረብ አይገባም፤ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በማንኛውም ውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የውሻ ባለቤቶችም ውሾቻቸውን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በማስከተብ ራሳቸውንና ኅብረተሰቡን ሊጠብቁ ይገባል።