ማሽን ሲያጎርስ

«ሞደርን ታይምስ» የተሰኘው የቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ኒውዮርክ ላይ የታየው ጥር 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ልክ በሦስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሁለቱን ቀኖች ከአጋጣሚ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እኔ ግን ፊልሙን ባየሁ ቁጥር ነጣጥዬ ማሰብ ይቸግረኛል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከምሳ ሰዓቱ ልጀምር።

ቻርሊ በፋብሪካው ውስጥ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ፊቱ እየተንሸራተተ የሚያልፈውን ብሎን በሁለት እጁ በያዛቸው መፍቻዎች ማጥበቅ። ማሽኑ ቢቆምም እጆቹ መጠምዘዛቸውን አይተዉም። ሠራተኛው ለምግብ የሚያጠፋው ጊዜ የሚቆጨው ባለፋብሪካ ደግሞ ሰውን እያበላ የሚያሠራ መሣሪያ ይመጣለታል፤ መሞከሪያው ቻርሊ ይሆናል። አስረው ያቆሙታል። ሾርባው ከፍ ብሎ ወደ ከንፈሩ ይጠጋል፤ ሳህኑ እየዞረ ቁራሹን ወደ አፉ ይገፋለታል፤ በቆሎው ከጥርሱ ፊት ይሽከረከራል፤ በመጨረሻ አንዲት ለስላሳ መጥረጊያ መጥታ አፉን ታብሳለች። ከዚያ መሣሪያው ያብዳል። በቆሎው ጥርሱን ይፈጀዋል፤ ሾርባው ደረቱ ላይ ይደፋል፤ መሣሪያውን የሚጠግነው ሰው ሳህኑ ላይ የረሳው ዳዶ ሳይቀር እንደ ቁራሽ ሥጋ ወደ አፉ ይገፋል። መጥረጊያዋ ግን ከእያንዳንዱ ግፍ በኋላ መጥታ አፉን በጨዋነት ትጠርጋለች። እኔን ከበቆሎው ይልቅ የሚያስቀኝ ይህ ጨዋነቷ ነው።

ስለ ኢንዱስትሪና ስለ ሠራተኛ ይህን ትዕይንት ይዞ ብዙ ማለት ይቻላል። ለእኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ጉርሻ ነው። የሚያጎርስ ሰው ዓይን ዓይን ያያል፤ የጎረሰው እስኪያላምጥ ይታገሣል፤ እምቢ ሲባል «በሞቴ!» ይላል። ቻርሊን የሚያጎርሰው ማሽን ሁሉም አለው፤ እጅ አለው፣ ምግብ አለው፣ ፎጣ እንኳ አለው። የጎደለው «በሞቴ» ብቻ ነው። አፉ ሞልቶ ሳለ ሌላ ጉርሻ የተደገነበት እንግዳ ይህን ቀልድ ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል።

እኔ ፊልሙን ያየሁት ሸጎሌ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። የሰፈሩ ስም የቤላ ሻንጉሉ ገዥ የሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ስም ነው፤ ቤተ መንግሥታቸው እዚያው ነው፤ «ሼህ ሆጀሌ» ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ተላምጦ «ሸጎሌ» ሆኖ ቀረ። በሌላው ቀን የሕንድ ፊልም ሲታይ እየጮኹ የሚተረጉሙልን ልጆች በዚያን ዕለት ሥራ ፈትተው ዋሉ። ዕድሜያቸውን በፋብሪካ የጨረሱ አንድ ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። በበቆሎው አልሳቁም። እጆቹ ከሥራ በኋላ መጠምዘዛቸውን ሲቀጥሉ ግን የራሳቸውን እጅ አንሥተው ለጥቂት ጊዜ አዩትና፣ «ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም» ብለው ሳቁ።

ቻፕሊን በመስከረም 1924 ዓ.ም. ለንደን ላይ ከጋንዲ ጋር ተገናኝቶ ስለ ማሽን ተከራክሯል። ፊልም መናገር ከጀመረም ከ1920 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እሱ ግን እምቢ እንዳለ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ የሚነገር ቃል የሚሰማው ከመሣሪያ ብቻ ነው፤ ከባለቤቱ መስኮት፣ ከሻጩ ሸክላ፣ ከሬዲዮ። መጨረሻ አካባቢ ቻርሊ ራሱ ሊዘፍን ይነሣል፤ ግጥሙን የጻፈበት የእጅጌ ጫፍ ተወርውሮ ይጠፋበታል፤ የየትም አገር ያልሆነ ቋንቋ ፈጥሮ ይዘፍናል። በእጁና በዓይኑ ስለሚያስረዳ ሰዉ ሁሉ ይገባዋል፤ ያጨበጭብለታልም።

እንግዲህ ወደ ቀኖቹ ልመለስ። ፊልሙ በታየ በአምስተኛው ቀን፣ የካቲት 2፣ የአምባ አራዶም ጦርነት ተጀመረ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የጣሊያን አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ በሠራዊታችን ላይ ያወርድ ነበር። የአካል ቀልድ የሚቆመው በአንድ ውል ላይ ነው፤ ቻርሊ ይመታል፣ ይወድቃል፣ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። ውሉ እንደሚጠበቅ ስለምናውቅ ያለ ኀፍረት እንስቃለን። በጋዙ የተቃጠለው ባለ ጋሻ ግን አልተነሣም። ያው ዘመን፣ ያው ማሽን ነበር፤ እዚህ ውሉ አልነበረም። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው በአማርኛ ሊናገሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ትርጉም የሌለው ዘፈን ተጨበጨበለት፤ የሕዝብን ሞት የያዘው ቋንቋ ተፏጨበት።

ቻፕሊን በመጨረሻ አፉን በከፈተበት «ዘ ግሬት ዲክቴተር» ላይ ሙሶሊኒን ናፓሎኒ ብሎ አመጣው። ናፓሎኒና ሂንከል ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ከሌላው በልጦ ለመታየት ወንበሮቻቸውን ወደ ጣሪያ ከፍ ከፍ ያደርጋሉ። ፊልሙ የሚናገር ቢሆንም ይህን ለመረዳት ቃል አያስፈልግም። የታየው ጥቅምት 5 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27፣ ገና ሰባት ወር አልሞላውም ነበር።