ከውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ በቂ ፕሮቲን የማግኘት ጉዳይ

ከመጠን ያለፈ ውፍረት የበለጸጉ ሀገራት ችግር ብቻ ተደርጎ የሚወሰድበት ጊዜ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት፤ በቁጥር ሲገለጽም ከ1 ቢሊዮን ሰው በላይ ማለት ነው። ችግሩን በአመጋገብና በአካል እንቅስቃሴ ብቻ መቆጣጠር ላልቻሉ ሰዎች ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ የጨጓራን መጠን የሚቀንስ ቀዶ ሕክምና ነው።

ሕክምናው በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው ሀገራት በስፋት የሚሰጥ በመሆኑ በእነዚህ ሀገራት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ እንዲሁም ለሕክምና ወደ ውጭ ተጉዘው የሚመለሱ ወገኖች የሚያገኙት ነው። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የአመጋገብ መመሪያ የያዘ ወረቀት ይሰጠዋል። ይሁንና ወረቀቱ በአብዛኛው የሌላ ሀገር የምግብ ባህልን መሠረት አድርጎ የተዘጋጀ በመሆኑ ስለ ሽሮ፣ ስለ አይብ፣ ስለ አጥሚትም ሆነ ስለ ሁዳዴ የሚለው ነገር አይኖረውም። ይህ ጽሑፍ በዚሁ ክፍተት ላይ ያተኩራል።

የጨጓራው መጥበብና የሰውነት ፍላጎት

በአሁኑ ወቅት በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። በአንደኛው ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ክፍል ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ጠባብ ቱቦ ይመስላል። በሁለተኛው ደግሞ ከጨጓራው የላይኛ ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተሠርታ ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ትገናኛለች፤ በመሆኑም ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። የሁለተኛው ዓይነት አጀማመር እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ከባልደረባቸው ጋር ካከናወኑት ሥራ ጋር ይያያዛል።

ሠላሳ ሚሊ ሊትር ማለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሊወስድ የሚችለው ምግብ ወደዚህ መጠን ሲወርድ የሰውነቱ የፕሮቲን ፍላጎት ግን አብሮ አይወርድም። እንዲያውም የቀዶ ሕክምናው ቁስል የሚድነው፣ ጡንቻ የሚጠበቀውና በሽታን የሚከላከሉ የሰውነት ኃይሎች የሚገነቡት በፕሮቲን በመሆኑ በእነዚህ ወራት አስፈላጊነቱ ይጎላል። ሰውነት በምግብ ያላገኘውን ፕሮቲን ከራሱ ጡንቻ እየናደ ይወስዳል። ሚዛን ላይ የሚታየው የክብደት መቀነስ ከስብ ይሁን ከጡንቻ ሚዛኑ ለይቶ አይናገርም። ታካሚውና ቤተሰቡ በኪሎው መውረድ ሲደሰቱ በውስጡ ጉልበት እየተሟጠጠ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ የዘርፉ የሙያ ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያ ታካሚው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን፣ እንደ ሁኔታውም ለተስማሚ ክብደቱ በኪሎ እስከ 1.5 ግራም እንዲያገኝ ይመክራል። እዚህ ላይ ስሌቱ የሚሠራው አሁን ባለው ክብደት ሳይሆን ለቁመቱ ተስማሚ በሚባለው ክብደት መሆኑን ልብ ይሏል። ተስማሚ ክብደቱ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከፍተኛው ግብ በቀን 90 ግራም ይሆናል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን የሚከታተለው ሐኪም ሊወስንለት ይገባል።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚያጋጥም አለመግባባት 60 ግራም ፕሮቲንን ከ60 ግራም ሥጋ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። መቶ ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ የሚሰጠው ፕሮቲን 30 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው።

የአስታማሚ ምግቦቻችን

በሀገራችን ከሕመም ለሚያገግም ሰው የሚቀርቡት ምግቦች የታወቁ ናቸው። አጥሚት፣ ገንፎ በቅቤ፣ የአጥንት ሾርባ፣ ማርና ጭማቂ በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ምግቦች ብዙ የተጎዳ ሰው ያነሱ መሆናቸው አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ጨጓራው ለጠበበ ታካሚ አብዛኞቹ የማይመቹ ሆነው ይገኛሉ።

አጥሚት በዋናነት የእህል ዱቄት፣ ስኳር ወይም ማር፣ አንዳንዴም ቅቤ ነው። በውኃ ሲሠራ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ጣፋጭ ነገር በፍጥነት ወደ ትንሹ አንጀት ሲገባ፣ በተለይ ሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሰዎች ላይ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ድካም ሊያስከትል ይችላል። ሐኪሞች ዳምፒንግ የሚሉት ይህንኑ ነው። አጥሚት መተው ለማይሆንለት ቤተሰብ ግን መላ አለ። ያለ ስኳርና ያለ ቅቤ፣ በውኃ ፋንታ በወተት ቀጠን አድርጎ መሥራትና ከምድጃ ከወረደ በኋላ ቅባት የተነሣለት የወተት ዱቄት መበጥበጥ ይቻላል። ሠላሳ ግራም የዚህ ዱቄት 10 ግራም ያህል ፕሮቲን ይጨምራል።

የአጥንትና የቅልጥም ሾርባም እንዲሁ ከስሙ ያነሰ ነው። ከአጥንትና ከጅማት ተቀቅሎ የሚወጣው ጄላቲን ትሪፕቶፋን የተባለው አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል የሌለው በመሆኑ ብቻውን ጡንቻ ሊጠብቅ አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስቡ ተገፍፎና ተጠልሎ ለፈሳሽና ለጨው ምንጭነት ማገልገሉ ተገቢ ነው፤ በፕሮቲን ሂሳብ ውስጥ ባይገባ ግን ይመረጣል።

ከምግቡ ዓይነት ባልተናነሰ የሚያስቸግረው ደግሞ አበላሉ ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር በሞቴ ተብሎ መጎረስ ለአዲስ ጨጓራ አደጋ አለው። ታካሚው በትንንሽ ማንኪያ፣ በሚገባ እያላመጠ፣ አንዱን ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ወስዶ መመገብ ይጠበቅበታል። ጥጋብ እንደተሰማው ካላቆመ ያስመልሰዋል። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ ቢሆንም በእነዚህ ወራት ጠያቂው ፍቅሩን በሌላ መንገድ ቢገልጽ ይበጃል።

ደረጃ በደረጃ

አመጋገቡ ከፈሳሽ ተነሥቶ ወደ ጠጣር የሚሸጋገር ሲሆን፣ የየደረጃው ርዝመት እንደየሆስፒታሉ ይለያያል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት በጠራ ፈሳሽ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ በወተትና በመሳሰሉት ወፈር ያሉ ፈሳሾች፣ ከዚያም እስከ አራተኛው ሳምንት በተፈጨና በላመ ምግብ፣ እስከ ስድስተኛው ሳምንት በለስላሳ ምግብ ያልፋሉ።

በፈሳሹ ወቅት ከምግብ ብቻ 60 ግራም መድረስ ለአብዛኛው ሰው አይቻልም። ለዚህም ነው ሆስፒታሎች የፕሮቲን ዱቄት የሚያዙት። አንድ መስፈሪያው እንደ አሠራሩ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይዞ ይገኛል። የብዙዎቹ ዱቄቶች መነሻ እኛ አጓት የምንለው ከአይብ የሚለየው ፈሳሽ መሆኑን ሰምተው ቤት ውስጥ አጓት የሚጠጡ ሰዎች ይኖራሉ። ሆኖም ፋብሪካው ውኃውንና ስኳሩን አስወግዶ ፕሮቲኑን ያከማቻል እንጂ የቤቱ አጓት በመቶ ግራም አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ፕሮቲን ነው ያለው።

ወደ ለስላሳ ምግብ ሲደረስ የሀገራችን ጓዳ በቂ ምርጫ አለው። አይብ ከሁሉም ቀድሞ ሊጠቀስ ይገባዋል። ለስላሳ ነው፣ ስቡ ጥቂት ነው፣ በመቶ ግራምም 14 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ወተት የማይስማማው ሰው እንኳ አይብና እርጎ ሊቀበለው ይችላል፤ ነገር ግን እርጎው ከተፈላ ወተት የተዘጋጀ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ፍርፍር ሆኖ ዘይት ሳይበዛበት ይቀርባል። ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቆች የሚገኘው ቆሮሶ ዓሣ እሾሁ በጥንቃቄ ተለቅሞ ሲቀቀል ከቀይ ሥጋ ይልቅ በቀላሉ ይወርዳል። ጥብስ ለሳምንታት ሊቆይ ይገባል። ክትፎ ለሚናፍቅ ሰው በሚገባ የበሰለና ቅቤው የተቀነሰ ይሁን፤ ጥሬው በዚህ ወቅት አይታሰብም።

ለምሳሌ ያህል፣ ለስላሳ ምግብ የጀመረ ታካሚ ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ረፋድ ላይ 30 ግራም የወተት ዱቄት የተበጠበጠበት አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ለምሳ 60 ግራም የበሰለ ዓሣ፣ ከሰዓት በኋላ 200 ግራም እርጎ፣ ማታ 100 ግራም አይብ ቢወስድ 66 ግራም ገደማ ያገኛል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ እንጀራ የለም። እንጀራና ዳቦ ክልክል ሆነው ሳይሆን ቦታ ስለሚይዙ ነው። ጥቂቱ ቦታ በቅድሚያ ለፕሮቲን፣ ቀጥሎ ለአትክልት፣ የተረፈው ለእህል እንዲሆን ባለሙያዎች ያሳስባሉ። ውኃም ከምግብ ጋር አይጠጣም። ከምግብ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር እስኪሞላ ጥቂት በጥቂት ይወሰዳል።

ጾምና ስሌቱ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ያህል ቀናት የሚጾሙ ሲሆን፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀናት ነው። በመሆኑም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ምእመን ከጾም ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

የጾም ምግብ ፕሮቲን የለውም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የበሰለ ምስር በመቶ ግራም 9 ግራም ይሰጣል። ጥራጥሬና እህል አንዱ የጎደለውን ሌላው የሚያሟላ በመሆኑ ሽሮ ከእንጀራ ጋር መበላቱም ጥበብ ያለበት ነው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ታካሚው በቀን 200 ግራም ምስር፣ ከ40 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ፣ ሁለት ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት፣ 30 ግራም የአኩሪ አተር ዱቄትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ቢወስድ 58 ግራም ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ተደምሮም ከዝቅተኛው ግብ በጥቂቱ ያንሳል። ከዓመት በኋላ ጨጓራው ለተላመደ ሰው የሚቻል ነው፤ በሁለተኛው ወር ላለ ሰው ግን ቦታው አይበቃውም። የቀኑ ምግብ እስከ ቀትር በኋላ ሲዘገይ ደግሞ በቀሩት ጥቂት ሰዓታት ይህን ማዳረስ ይበልጥ ይከብዳል።

በሕመም ምክንያት ጾምን ማቅለል በቤተ ክርስቲያኒቱ የሚታወቅ በመሆኑ ጉዳዩን አስቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል። ብዙ ታካሚዎች ቀዶ ሕክምናው መታየቱን ስለማይፈልጉ ለንስሐ አባታቸውም ሆነ ለቤተሰባቸው ሳይነግሩ ይጾማሉ፤ ይህ በጸሐፊው እምነት ከሁሉም የሚያሳስበው ነው። መጾሙን ለመረጠ ሰው ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የሚሠራ የፕሮቲን ዱቄት ክፍተቱን ይሞላለታል። የረመዳን ጾም ፈሳሽንም የሚጨምር በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰውነት ድርቀት ያስከትላል። በእስልምናም ሕመምተኛ ጾሙን አቆይቶ በሌላ ጊዜ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል።

ወደ ሥራ ሲመለሱ

ቢሮ የገባ ታካሚ የሚቸገረው በምግብ እጦት ሳይሆን በሰዓት ነው። ከጠዋት የጀመረ ስብሰባ እስከ ስምንት ሰዓት ሲዘልቅ ሁለት የፕሮቲን ጊዜያት ያልፋሉ፤ በሻይ ዕረፍት የሚቀርበው ሳምቡሳና ኬክ ደግሞ አይተካቸውም። የተቀቀለ እንቁላል፣ በትንሽ ዕቃ የተያዘ አይብ ወይም በጠርሙስ የተበጠበጠ ዱቄት ወተት ይዞ መግባት ያዋጣል። የመስክ ሥራ ላለበት ሰው የወተት ዱቄትና ቆሎ ከማይበላሹት ተመራጭ ቢሆኑም ቆሎው ጠጣር ምግብ እስኪፈቀድ ይቆያል። በግብዣ ላይ የሚቀርብ መጠጥ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከቀድሞው በፈጠነ ሁኔታ ወደ ደም እንደሚገባ ማወቅም ያስፈልጋል፤ በተለይ መኪና ለሚያሽከረክር።

ትኩረት የሚሹ ምልክቶች

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የሚታይ የፀጉር መርገፍ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በአብዛኛው ከክብደቱ ፈጣን መቀነስ ጋር የሚያያዝና የሚመለስ ነው። በአንጻሩ የእግር እብጠት፣ ደረጃ መውጣት እስኪያቅት የጡንቻ መድከም፣ የቁስል አለመዳን፣ ከዓመት በኋላም ያልቆመ የፀጉር መርገፍ የፕሮቲን ወይም የማዕድናት እጥረት ሊያመለክቱ ስለሚችሉ ምርመራ ይሻሉ።

ከቀናት በላይ የዘለቀ ማስመለስ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። ቫይታሚን ቢ 1 በሰውነት ውስጥ ብዙ ስለማይከማች በሳምንታት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፤ የዓይን ብዥታ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የእርምጃ መንገዳገድና የአእምሮ መደናገር ያስከትላል። እንዲህ ያለ ታካሚ ጤና ተቋም ሲደርስ ቫይታሚኑ ከግሉኮስ በፊት ወይም አብሮ ሊሰጠው ይገባል። በመሆኑም አስታማሚው ቀዶ ሕክምናው መደረጉን ለተረኛው ባለሙያ ወዲያውኑ መናገር ይኖርበታል።

የደም ምርመራ ብዙውን ጊዜ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደረጋል። ብረት፣ ቫይታሚን ቢ 12፣ ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም የሚታዩ ሲሆን፣ የሚታዘዙት ተጨማሪ ቫይታሚኖች ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው። መጠናቸው እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስለሚለያይ በውጭ ሀገር የታከመ ሰው ከሆስፒታሉ ሳይወጣ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ቀን የያዘ የጽሑፍ ማስረጃ ተቀብሎ ቢመለስ በሀገር ውስጥ የሚከታተለው ሐኪም ሥራ ይቀላል።