ታይም፣ ላይፍ፣ ፎርቹን፣ ፒፕል፦ የአንድ ቤት አራት ቃላት

የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ "ኮኔክሽንስ" የተባለውን ዕለታዊ የቃላት እንቆቅልሽ የጀመረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ተጫዋቹ 16 ቃላት ይቀርቡለታል። የሚዛመዱትን አራት አራት እያደረገ መመደብ አለበት። አራት ጊዜ ከተሳሳተ ጨዋታው ያበቃል።

በእንዲህ ያለ እንቆቅልሽ ውስጥ "ታይም"፣ "ላይፍ"፣ "ፎርቹን" እና "ፒፕል" ቢቀርቡ ብዙ ሰው መሳሳቱ አይቀርም። ጊዜ፣ ሕይወት፣ ሀብት፣ ሕዝብ፤ ነገሩ ፍልስፍና ይመስላል። መልሱ ግን ቀላል ነው፤ አራቱም በዓለም ዙሪያ የታወቁ መጽሔቶች ስም ናቸው። ያውም የአንድ ቤት ልጆች።

ሄንሪ ሉስ እና ብሪተን ሃደን የተባሉ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች ታይምን በማርች 1923 ሲጀምሩ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ። ሐሳባቸው ጊዜ ለሌለው አንባቢ የሳምንቱን ዜና አሳጥሮ ማቅረብ ነበር። ሃደን በ1929 ሞተ። ሉስ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ፎርቹንን አወጣ። በ1936 ደግሞ ከ1883 ጀምሮ ይታተም የነበረውን ላይፍ የተባለ የቀልድ መጽሔት በ92,000 ዶላር ገዛ። የፈለገው ስሙን ብቻ ነበር። ፒፕል የመጣው ሉስ ከሞተ በኋላ፣ በ1974 ነው።

ይህ ቤት ኢትዮጵያንም ያውቃታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ ማግስት፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1930፣ በታይም ሽፋን ላይ ወጡ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1936 ደግሞ "የዓመቱ ሰው" ተባሉ። የጣልያን ጦር ግን ያን ጊዜ ኢትዮጵያን ከወረረ ሦስት ወር አልፎት ነበር። በሜይ 2 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ወጡ፤ በሜይ 5 ጠላት ከተማዋን ያዘ። ጁን 30 ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ። በጁላይ ማኅበሩ በጣልያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ አነሳ። ዓለም ፊታቸውን ያውቅ ነበር፤ የደረሰላቸው ግን አልነበረም።

"ማጋዚን" የሚለው ቃል ምንጩ ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙ የዕቃ ማከማቻ ነው፤ የአማርኛው "መጋዘን" ወንድም ማለት ነው። "መጽሔት" ግን በግእዝ መስታወት ማለት ነው። መስታወት ፊትን ያሳያል እንጂ ቁስልን አያድንም።

ዛሬም የውጭ መጽሔት ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍ አንዱ ወገን እንደ ድል፣ ሌላው እንደ ጥቃት ቆጥሮ ያጋራዋል። ያ ታላቅ ቤት ራሱ ግን ፈርሷል። በ2018 ታይም በ190 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ አሜሪካዊ ባለሀብት፣ ፎርቹን በ150 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ የታይላንድ ነጋዴ ተሸጡ። አራቱ ቃላት ዛሬ አንድ ላይ የሚገኙት በእንቆቅልሽ ሰሌዳ ላይ ነው። የ1936ቱ ሽፋን ለኢትዮጵያ ዝና ሰጣት፤ ነፃነቷን ያስመለሰው ግን አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋደቀው አርበኛ እና በ1941 ከጎኑ የተሰለፈው የጦር አጋር ነው።