በላስታ ደጋ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከማን ይጀምር?

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የለም። ይግባ ቢባል ቀድሞ የሚታሰበው ዋጋው ነው፤ በላስታ ደጋ ግን ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው የዶዙ ቁጥር ነው። ክትባቱ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ከስድስት ወር በላይ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው፣ ከዚህ በፊትም ያልተከተበ ልጅ ቢያንስ አራት ሳምንት የተራራቁ ሁለት ዶዞች ያስፈልጉታል፤ ቫይረሱ ስለሚለዋወጥም በየዓመቱ መድገም አለበት። ሰውነቱ ቫይረሱን የማያውቅ ሕፃን በአንድ ዶዝ የሚያገኘው መከላከያ ደካማ በመሆኑ «ከምንም አንድ ይሻላል» ማለት እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም።

መርሐ ግብሩ እናትን ልጇን ይዛ እንድትመጣ የሚጠራት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛና በ15ኛ ወር ነው። ሦስቱ የመጀመሪያ ቀጠሮዎች ለኢንፍሉዌንዛ ገና ናቸው። አንዱን ዶዝ በስድስተኛው ወር ከቫይታሚን ኤ ጋር፣ ሁለተኛውን በ9ኛው ወር ከኩፍኝ ክትባት ጋር መስጠት ይቻላል የሚል ይኖራል። አራት ሳምንት ዝቅተኛው ርቀት ስለሆነ ሐሳቡ ስሕተት የለበትም፤ በወረቀት ላይም ያምራል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአገር ደረጃ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ያሟሉት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህም እ.ኤ.አ. በ2021 ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ከመተላለፏና የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ከመዘረፋቸው በፊት ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ገደሉን ወርዳና ወጥታ ጤና ኬላ ለምትደርስ እናት፣ ያሉትን ቀጠሮዎች ማሟላት ራሱ ገና ያልተፈታ ጉዳይ ነው።

ብርዱና የጎጆው ጭስ የሳምባ ምችን እያባባሱ ሕፃናቱን እንዴት ያለ መከላከያ እንተዋቸዋለን የሚለው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው። መልሱ ያለው በእናቲቱ ዘንድ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. የ2018ን ሸክም ያሰላ ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚያሳየው፣ በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ሆስፒታል ውስጥ ከሞቱት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 36 በመቶ ያህሉ ስድስት ወር ያልሞላቸው ናቸው፤ ለእነዚህ ደግሞ የሕፃናት ዶዝ አይደርስላቸውም። ነፍሰ ጡር ስትከተብ ግን አንድ ዶዝ ለሁለት ያገለግላል፦ በማሊ፣ በኔፓልና በደቡብ አፍሪካ በተደረጉ ሙከራዎች የጨቅላዎቹ ኢንፍሉዌንዛ ከ30 እስከ 49 በመቶ ቀንሷል። መከላከያው በጥቂት ወራት ውስጥ መድከሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት ኢንፍሉዌንዛን ተከትሎ ከሚመጣው የሳምባ ምች አንዱን ዋና መንስኤ ይከላከላል። በዚያው የ2019 ጥናት ቢያንስ አንድ ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያደረጉ እናቶች 74 በመቶ ነበሩ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም የሚሰጠው በዚያው ክትትል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዶዝ ለነፍሰ ጡሯ ይሁን፤ የሕፃኑ ሁለት ዶዞች በ15ኛው ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አብዛኛውን የላስታ ልጅ እስኪደርስ ይቆዩ።